ነገረኛው ክር

ክሩ አውራ ጣቴ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ቀይ ሐር ነው። ከመርፌው ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ሸራው ሲሄድ፣ በብርድና በሳሙና የተሰነጠቀው ጣቴ መንገድ ላይ ያዘውና አለቅም አለ። ቀስ ብዬ ስስበው ከክሮቹ አንዷ ብቻዋን ተመዝዛ እንደ ሸረሪት ድር አየር ላይ ተንሳፈፈች። ጠንከር አድርጌ ስስበው ደግሞ የቀሩት ተያይዘው ተንጨፈረሩ። ባለቤቴ ከሶፋው ማዶ ሆና ስታየኝ ቆየችና፣ «ሐር ገዝቶ ቃጫ የሚያደርግ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለች።

እጄ ይህን ያህል ሸካራ መሆኑን እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ማን ይነግረኛል? ኦስሎ ውስጥ በጥር ወር የሚጨብጥህ ሰው ሁሉ ጓንት አድርጓል። ሱፉ አይቶ ዝም ብሎኝ ኖሯል፤ ጥጡም ዝም ብሎኛል። ሐሩ ግን ቤቴ በገባ በሩብ ሰዓቱ የእጄን ጉድ አንድ በአንድ አወጣው፤ ይሄ የድስት ፍተጋ ነው፣ ይሄ የበረኪና ነው፣ ይቺ ጥፍር ደግሞ በጥርስ የተቆረጠች ናት እያለ።

ነገሩ ግን የተጀመረው በክር አይደለም፤ በስልክ ነው።

እኔ የምሠራው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ድንች እልጣለሁ፣ ድስት አጥባለሁ፣ ዓሣ ምድጃ ውስጥ እከታለሁ። ቤቴ ስገባ ደግሞ፣ ውጭ አገር እንደሚኖር ብዙ ሐበሻ ወንድ፣ ደመወዝ የሌለውን ሁለተኛውን ሥራዬን እጀምራለሁ፤ አገር ማዳን። ቲክቶክ ላይ አራት ሰው የስልኩን መስኮት ተከፋፍሎ ሲሰዳደብ እኔ ዳኛ ሆኜ እቀመጣለሁ። የሾመኝ የለም፤ ፍርዴንም የሰማ የለም። ባለቤቴ ስልኩ ከመኝታ ቤት ይውጣልኝ ስትል፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ችሎቴን ቀጠልኩ። የስምንት ዓመቷ ልጄ በሩን ታንኳኳለች።

«ባባ፣ ስልክ እያየህ ነው?»

«አይደለም፣ እየታጠብኩ ነው።»

«ታዲያ ውሃው ለምን ይሳደባል?»

ባለቤቴ የዚያን ዕለት ማታ ፈረደችብኝ። «እጅህ ሥራ ቢፈታ ነው ስልክ የሚይዘው። ሌላ ነገር ይያዝ» አለች። ሰፈራችን ካለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሐሙስ ሐሙስ ማታ የሹራብና የጥልፍ ሠሪዎች እንደሚሰበሰቡ ከምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ሰምታ ኖሯል። እኔ ስሰማ እሷ ስሜን አስመዝግባ ጨርሳለች። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። በታኅሣሥ ኦስሎ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ሥራ እንዳለበት ሰው ተቻኩላ ትገባለች። ሰዓቱን በእኛው አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ በእነሱ ስሰማው የባሰ ይጨልምብኛል። እንዲህ ባለ ጨለማ ወንድ ልጅ ካልጠጣ ወይም ካልተከራከረ ምን ይሠራል? ይጠልፋል፣ አለች ባለቤቴ።

የወንድንና የመርፌን ጉዳይ እዚሁ ልጨርሰው። ጓደኞቼ ሲሰሙ ሳቁብኝ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ታክሲ የሚነዳው ጋሼ ነው፤ እንባውን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ሳቀ። «ጋሼ፣ እንባህን የጠረግህበትን ጋቢ ማን ሠራው?» አልኩት። ሸማኔ ነዋ። «ሸማኔው ወንድ ነው ሴት?» ዝም አለ። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ቢያይ ጥበቡን ሸምኖ የሚያወጣው ወንድ ነው፤ ከመኪናው ፊት ተቀምጦ የሚጠልፈውም ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው። ሴቷ ባዘቶውን ይዛ እንዝርት ስታሾር ትውላለች፣ ክሩ ካለቀ በኋላ ስሙ የሸማኔው ይሆናል። መርፌ የሴት የሚሆነው እኔ የያዝኩት ዕለት ብቻ ነው።

ኖርዌጂያኖቹማ ከነጭራሹ አይገርማቸውም። ወንዱም ሴቷም ትምህርት ቤት ውስጥ እኩል መርፌ ይዘው ነው ያደጉት። አርነና ካርሎስ የሚባሉ ሁለት ወንዶች በሹራብ ንድፍ ብቻ ስማቸው ከአገር አልፏል። ኤንአርኮ የሚባለው የአገሩ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ዓርብ ማታ፣ የበግ ፀጉር ከመሸለት ጀምሮ ሹራብ ሆኖ እስኪለበስ ድረስ ያለውን ሥራ በቀጥታ አስተላልፏል። የአውስትራሊያውያንን የፍጥነት ክብረ ወሰን እንሰብራለን ብለው ነበር የተነሡት፤ ከስምንት ሰዓት በላይ ፈጀባቸውና ሳይሳካላቸው ቀረ። ሕዝቡ ግን ቁጭ ብሎ አየ። ይህን ሳነብ ስለ ቲክቶኬ ትንሽ ተጽናናሁ።

ሐሙስ ሄድኩ። ስምንት ሴቶች፣ ጡረታ የወጣ አንድ የትራም ሾፌር፣ ቡና በፔርሙዝ፣ የቀረፋ ዳቦ። ሰብሳቢያቸው የሰባ ስምንት ዓመት እናት ናቸው። ኖርዌጅኛ አንቱታን ከተወው ቆይቷል፤ ከንጉሡ በስተቀር ትልቁም ትንሹም «ዱ» ነው። ምላሴ እሳቸውን «ዱ» ይላል፣ ሆዴ ግን «እትዬ» ይላቸዋል። ስለዚህ እዚህም እትዬ እንበላቸው።

እትዬ ሥራውን አሳዩኝ። ሸራው እንደ ወንፊት ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ስትራማይ ይሉታል። ቀዳዳው ሁሉ በክር እየተሞላ ሸራው ጭራሽ እስኪጠፋ ይሠራል፤ ሲያልቅ ትራስ ይሆናል፣ የወንበር ልብስ ይሆናል። መርፌው ከአንዱ ቀዳዳ ይወጣና ሰያፍ ሄዶ በላይኛው ይገባል። ሙያው ይኸው ነው። የእኔ ሸራ በአንድ ኢንች 18 ቀዳዳ አለው። 20 ሳንቲ ሜትር በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነች ትራስ ለመሙላት ያቺን ሰያፍ ነጥብ 20 ሺህ ጊዜ ያህል መድገም ያስፈልጋል። ሂሳቡን የሠራሁት ዘግይቼ ነው፤ ቀድሜ ብሠራው ኖሮ ስልኬን እመርጥ ነበር።

ነጥቡን በአግድም መስመር ብቻ ብትደረድረው ሸራው ይጣመማል። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ሰያፍ ትሄዳለህ፤ ያን ጊዜ የሥራው ጀርባ የተሸመነ ይመስላል። «እንግሊዞቹ ይህን አካሄድ የቅርጫት ሽመና ይሉታል» አሉኝ እትዬ። ሳቄ መጣ። እናቴ ደብረ ማርቆስ ላይ ስንደዶውን እየጠቀለለች፣ ቀለም የገባውን አክርማ እያለበሰች ሞሶብ ስትሰፋ አጠገቧ ሆኜ ነው ያደግሁት። እኛ ሞሶቡንም ስፌት፣ ቀሚሱንም ስፌት ነው የምንለው። አማርኛ ጉዳዩን በአንድ ቃል ዘግቶታል።

በሱፍ ክር አንድ ወር ሠራሁ። ሱፍ ደግ ነው፤ ስትሳሳት ያብጥና ይሸፍንልሃል። ንድፉን ራሴ አወጣሁት፤ በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሳለውን ሐረግ፣ አንዱ ጅማት በሌላው ላይ እየተጠላለፈ የሚሄደውን። እትዬ ስዕሉን በመነጽራቸው አዩት፣ ያለ መነጽራቸውም አዩት። «ይሄ በሱፍ አይሆንም። ይሄ ሐር ይፈልጋል» አሉ። ሐረግና ሐር በእኛ ቋንቋ ጎረቤት መሆናቸውን ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ኖርዌጅኛዬ አልደረሰልኝም።

መሃል ከተማ ካለ አንድ የጥልፍ ዕቃ ሱቅ አዲስ የመጣ የሐር ክር አለ ተባለና ሄድኩ። ቱባዋ አጭር ናት፣ 5 ሜትር። የጥጡ 8 ሜትር ሆኖ ዋጋው ሲሶም አይሞላም። ባለሱቋ ከቱባው ጫፍ መዝዛ መብራት ስር ስትይዘው፣ ክሩ ውስጡ ሌላ መብራት ያለበት መሰለ። ያኔ ነው ያበቃልኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ከረጢቱን አየች። «ስንት ነው?» አለች።

ወንድ ልጅ ዋጋ ሲጠየቅ ወደ ታሪክ ይሸሻል። እኔም ወደ አክሱም ሸሸሁ። እ.ኤ.አ. በ531 ገደማ፣ አልኳት፣ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ ወደ ንጉሣችን ወደ ካሌብ መልእክተኛ ላከ። ሮማውያን ሐር የሚገዙት ከጠላቶቻቸው ከፋርሶች እጅ ነበር። ስለዚህ «ሐሩን ከሕንዶች እናንተ ግዙና ለእኛ ሽጡልን፤ እናንተም ትከብራላችሁ፣ እኛም ገንዘባችን ለጠላት አይሄድብንም» አለ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ጸሐፊው ፕሮኮፒየስ እንደሚለው ግን የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከብ መጀመሪያ በሚያርፍበት ወደብ ሁሉ ቀድመው እየቆሙ ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙ ነበር። ለእኛ አልተረፈም። ሐሩ ግን የት ደረሰ መሰለሽ? እዚህ! ከኦስሎ በስተ ደቡብ፣ ኦሰበርግ በሚባል የእርሻ ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ተቆፍራ የወጣችው የቫይኪንግ መርከብ በ834 ከሁለት ሴቶች ጋር የተቀበረች ናት። ከውስጧ ከመቶ በላይ የሐር ቁርጥራጭ ተገኝቷል፤ ብዙው ከፋርስና ከመካከለኛው እስያ በኩል የመጣ ነው። ያን ብርቅ ነገር ሙሉ ልብስ አላደረጉትም፤ እንደ ጣት ቀጫጭን አድርገው ቆርጠው፣ ልክ እኛ ጥለት እንደምናደርገው፣ በልብሱ ጠርዝ ላይ ሰፍተውታል።

ባለቤቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «እሺ፣ ካሌብ ያመለጠውን አንተ ገዛኸው። ስንት ነው?»

«ሰባ ክሮነር።»

«ሁሉም?»

«አንዷ።»

«ስንት አንዷ?»

«አሥራ አንድ።»

ዋጋውን አባዛች። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ሄዳ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች፤ በቤታችን የሽንኩርት ድምፅ ትርጉም አለው።

እንግዲህ ያቺ ክሩ አውራ ጣቴ ላይ የቀረባት ቅዳሜ ይህች ናት። ሐሙስ እጄን ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። እንደ ሐኪም መዳፌን ገልብጠው አዩት። «ሐሩ ምንም አላጠፋም» አሉ። መድኃኒቱም ታዘዘልኝ፤ ስኳርና የወይራ ዘይት በመዳፍ ውስጥ ማሸት፣ በለብታ ውሃ መታጠብ፣ ጥፍርን መሞረድ፣ ማታ ቅባት ተቀብቶ በጥጥ ጓንት መተኛት፤ ሐሩን ስነካ ግን እጄ ቅባት እንዳይኖረው፣ ሐር ቅባት ከጠጣ አይለቅምና። ሥራ ቦታም ድስት ሳጥብ ጓንት በጓንት ላይ ደረብኩ። የሥራ ባልደረባዬ አለርጂ ያዘህ ወይ ሲለኝ ለጥልፍ ነው ብዬ ማስረዳት ስለከበደኝ፣ አዎ አልኩት። ባለቤቴ ሦስተኛው ሌሊት ላይ በጓንቴ ተነካችና ነቃች። «ሃያ ዓመት በዚያ ሞረድ እጅ ኖሬያለሁ» አለች በጨለማ ውስጥ። «ለእኔ አንድ ቀን ስኳር አሽተህ ታውቃለህ?» እውነቷን ነው። መልስ ስላልነበረኝ የተኛሁ መሰልኩ።

በሁለት ሳምንት እጄ ለሐር በቃ። ሁለተኛው ሙከራ በእትዬ ፊት ሆነ፤ አዲስ የሚማር ዲያቆን እንኳ እንዲህ አይታረምም። ክሩን ከክንዴ ርዝመት ሳላስበልጥ እንድቆርጥ ነገሩኝ፤ ሲረዝም በቀዳዳዎቹ ውስጥ ብዙ እየተመላለሰ ይላላጣል፣ ብልጭታው ይሞታል። ሰባቱን ቀጫጭን ክሮች አንድ በአንድ መዝዤ ለያየሁ፤ ከዚያ አራቱን ብቻ እንደገና ጎን ለጎን አገጣጠምኩ። ተለያይቶ የሚገጣጠመው ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። «ከፋብሪካ ሲወጡ ተቃቅፈው ነው፤ እንደተቃቀፉ ከገቡ ሸራውን አይሸፍኑም» አሉኝ። መጀመሪያው ላይ ቋጠሮ የለም። ጫፉን በጀርባ በኩል ትተዋለህ፣ የሚመጡት ነጥቦች ራሳቸው ረግጠው ይይዙታል።

ቋጠሮ የሌለው ክር ለእኔ ዓይነቱ ሰው ፈተና ነው። ክር ስይዝ መጨረሻውን ሳልቋጥር መሄድ፣ በር ሳልዘጋ ከቤት እንደመውጣት ሆነብኝ። በስውር አንዲት ቋጠሮ ቋጠርኩ። አላዩኝም ብዬ ነበር።

ከዚያ እትዬ ከቦርሳቸው አንድ ነገር አወጡ፤ የእንጨት እጀታ ያለው፣ እየሾለ የሚሄድ፣ ጫፉ የማይወጋ ብረት። «ወስፌ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ። የትራም ሾፌሩ ቡናውን ደፋ። የእናቴ ወስፌ ስንደዶውን ወግቶ ለአክርማው መንገድ ይከፍታል፤ የእትዬ ወስፌ ግን አይወጋም፣ ያስተኛል። መርፌው ወደ ታች ሲወርድ በግራ እጅህ ያን ብረት ከክሮቹ ስር ታስገባና እየዳበስክ አራቱን አስተካክለህ ጎን ለጎን ታስተኛቸዋለህ። ይህን ያደረግሁበትን አንድ ጥግ፣ ካላደረግሁበት ጥግ ጋር መብራት ስር አስተያየሁት። ክሩ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ እጁም ያው የእኔው ነው። አንዱ ጥግ ግን ዘይት እንደተቀባ ጠጉር ያበራል፤ ሌላው ከዝናብ እንደገባ ውሻ ነው። የሐር ቃጫ ሲቆረጥ መልኩ ሦስት ማዕዘን ነው፤ እንደ ተሞረደ መስታወት ብርሃኑን ተቀብሎ ይመልሳል። ክሮቹ ጎን ለጎን ከተኙ ሁሉም ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሱታል፣ ከተጠማዘዙ ወደየራሳቸው ይበትኑታል።

አንድ ስህተት ግን እትዬም አልነገሩኝ። እኔ ክር በመርፌ ቀዳዳ የማስገባው እንደ እናቴ ነው፤ ጫፉን በምራቅ አርጥቤ፣ በጥርሴ አሹዬ። ደማቅ ቀይ ሐር ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ቀለሙን ሊለቅ ይችላል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቀይ ስሠራ ውዬ በር ለመክፈት ብነሣ፣ ልጄ አፌን እያየች ቆመች። «ባባ፣ ሊፕስቲክ ተቀብተሃል?» በሩ ላይ የቆመው ጋሼ ነበር። ከዚያ ወዲህ መርፌ የማስገባው ክሩን በመርፌው ጀርባ ላይ አጥፌ፣ እጥፋቱን በሁለት ጣት ጨምቄ ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ኦስሎ ያለ ሐበሻ ሁሉ ስለ ከንፈሬ ባልተነጋገረ።

ሐረጉን በጥቁር መክበብ ነበረብኝ። ጥቁሩን ሐር ስቆርጥ እጄ ሳላዝዘው ወደ አንገቴ ሄደ። ለካ ከሐር ጋር የተዋወቅሁት ገና ዱሮ ነው። ክርስትና ስነሣ አንገቴ ላይ የታሰረልኝን ማተብ እናቴ «የሐር ነው» እያለች ስትናገር ሰምቻለሁ፤ ሐር የሚባለው ምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ ማተብ የሚባለው ክር ሌላ ስሙ ይመስለኝ ነበር። ሰውን ማተብ የለሽ ብለን ስንሰድብ ኖረናል፤ ያ ክር የትል ምራቅ መሆኑን የነገረን የለም። በሠፈራችን ሐር የለበሰ ሰው አልነበረም፤ አንገቱ ላይ ሐር የሌለው ሕፃንም አልነበረም። አገሩ ሐር አጥቶ አያውቅም። በጎንደር ዘመን የተሠራ፣ ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝም የሐር መጋረጃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ የሚገኘው ለንደን ውስጥ በብሪቲሽ ሙዚየም ነው። አምስት ሜትር! እኔ ከአንዲት ትራስ ጋር ትግል ይዣለሁ።

ትራሷ በሚያዝያ መጨረሻ አለቀች። ወቅቱ ኖርዌጂያኖቹ ለሜይ 17፣ ለ1814ቱ ሕገ መንግሥታቸው በዓል፣ ቡናድ የሚሉትን የአገር ልብሳቸውን ከሳጥን የሚያወጡበት ነው። ቡናድ ተገቢውን ጥልፍ፣ ተገቢውን ብር፣ ተገቢውን ጫማ ይፈልጋል። አንዱን ያዛነፈ ሰው ሲገኝ በዓይናቸው የሚያስሩ ሰዎች አሉ፤ ሕዝቡ «የቡናድ ፖሊስ» ይላቸዋል። እትዬ ሲነግሩኝ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅኩም። በፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆመው «ይቺ ጥበቧ የእጅ ነው የመኪና?» እያሉ ጫፉን በጣታቸው የሚያሹ አክስቶች መካከል ያደግሁ ሰው ነኝ። እነዚህም ቢሆኑ ግን የሚፈትሹት ፊቱን ነው።

ቅዳሜ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩ። ትራሷ ገና አልተሰፋችም ነበር፤ ሸራዋን ዘርግቼ ወደ ካሜራው አስጠጋኋት። እናቴ ስልኩን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አየች።

«እሰይ የኔ ልጅ! ምንድን ነው ክሩ?»

«ሐር ነው እማዬ።»

«ከምን የሚመጣ?»

«ከትል።»

«ከትል!» ስልኩን አራቀችው። እኔም አገር ቤትም እንደሚሠራ ነገርኳት፤ መልካሳ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል ትሉን እንደሚያረቡት፣ አዲስ አበባም በእንዝርት እየተፈተለ እንደሚሸመን፣ ምግቡም የጉሎ ቅጠል እንደሆነ።

«ጉሎ ምጣድ ያሰሳል እንጂ ሐር ያወጣል?» አለች። ትንሽ አሰበችበት፤ በልቧ ከጓሮዋ ጉሎ ጋር ስታስታርቀው ይታየኛል። ከዚያ፣ «በል ገልብጠው» አለች።

«ምኑን?»

«ስፌቱን ነዋ! ጀርባውን ልየው።»

ሞሶብ ስትሰፋ እናቴ የሴቶቹን ሥራ የምትመዝነው እንደዚህ ነበር፤ ፊቱን አታይም፣ ገልብጣ ውስጡን በመዳፏ ትዳብሳለች። ገለበጥኩት። ከአንዱ ሐረግ ወደ ሌላው በአቋራጭ የዘለልኩበት ቀይ ክር፣ አረንጓዴው ቢጫውን የተሻገረበት፣ ሳልቆርጥ የተውኳቸው ጫፎች፣ እትዬ እንዳያዩኝ የቋጠርኳት ቋጠሮና ከሷ ወዲያ የተወለዱት እህቶቿ፣ ሁሉም ካሜራው ፊት ቆሙ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እማዬ?»

«አለሁ። ይሄ ምንድን ነው፣ የማክሰኞ ገበያ ነው?»

«ጀርባው አይታይም እኮ እማዬ፣ ይሰፋል።»

«ለማን አይታይም? እኔ እያየሁት አይደለም?» አለች። ከዚያ በጣቷ የስልኩን መስታወት እየነካች አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ፤ ይቺን ፍታት፣ ይቺን ፍታት፣ ይሄኛው ውሉ ጠፍቷል ከሥሩ ጀምረው። ሰባት ቦታ። ሐር ደግሞ አንዴ ከተሠራበት በኋላ ከተፈታ ይላላጣል፣ ተመልሶ አይሠራበትም። አሥራ ሁለተኛ ቱባ ልገዛ ነው ማለት ነው፤ ይህን ለባለቤቴ በየትኛው ንጉሥ በኩል እንደማስረዳት አላውቅም።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ከአልጋው ሆና «መብራት!» አለች። ሸራዬን፣ ትንሿን መቀሴን፣ መርፌዬን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፤ በሩን ቆልፌ የገንዳው ጠርዝ ላይ፣ የድሮው ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። አራተኛዋ ቋጠሮ ላይ ስደርስ ቀይ ክሩ ጥቁሩን ይዞ ተመዘዘ። በሩ ተንኳኳ።

«ባባ፣ ስልክ እያየህ ነው?»

«አይደለም፣ ክር እየፈታሁ ነው።»

ከበሩ ማዶ ትንሽ ዝም አለች።

«ታዲያ ክሩ ለምን ይሳደባል?»